200 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ፊልም ለምን ክብደት ያጣል?

የመሃል ረድፍ (ጠያቂ)

ሰላም የፊልም ወዳጆች። የሆሊውድን ትልልቅ ፊልሞች አሠራር በደንብ የምታውቁ እንድታስረዱኝ የምፈልገው ነገር አለ። በ1993 በወጣው "ጁራሲክ ፓርክ" ውስጥ ያ ግዙፍ ዳይኖሰር አጥሩን ጥሶ ሲወጣ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ዛሬ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ በረቀቀ ኮምፒውተር የሚሠሩ ፊልሞች ላይ ከተማ ሲፈርስ፣ ሰው ከሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲወረወር፣ ከአንጀት ጠብ የሚል ነገር የለም። ሁሉም ላባ ላባ ይላል።

ጥፋቱ የሲጂአይ (በኮምፒውተር የሚፈጠር ምስል) ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው? ያ ሁሉ ገንዘብስ የት ይገባል? ደግሞም ብዙዎቹ ፊልሞች ጨለም የሚሉትና ንግግራቸው የማይሰማው ከአሠራራቸው ነው ወይስ ከአዳራሹ? ለስሪዲ ወይም ግዙፍ ስክሪን ላለው አይማክስ ተጨማሪ መክፈልስ ያዋጣል? እባካችሁ "ድሮ ቀረ" ብላችሁ ብቻ አትለፉኝ፤ ምክንያቱን በዝርዝር ማወቅ ነው የምፈልገው።

ጥላና ብርሃን

ሲጂአይን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም። እርስዎ ካነሱት ፊልም ልጀምር። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው፤ ዳይኖሰሮቹ የሚታዩት ግን ለ15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከዚያም ውስጥ በኮምፒውተር የተሠራው ግማሹን እንኳ አይሞላም። የቀሩት በስታን ዊንስተን ወርክሾፕ የተገነቡ ማሽኖችና በሰው የሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች ናቸው። ኮምፒውተሩ የገባው ማሽኑ በማይችለው ቦታ ነው፤ እንስሳው ሙሉ አካሉ እየታየ ሲራመድና ሲሮጥ። ትልቁ የጥቃት ትዕይንት በሌሊትና በዝናብ መሆኑም በጣም ጠቅሟል። እርጥብ ቆዳ ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ጨለማው ደግሞ የምስሉን ጠርዝ ይሸፍናል። (ዝናቡ ዋጋም አስከፍሏል። የማሽኑ ስፖንጅ ቆዳ ውሃ ሲመጥ ክብደቱ ስለሚጨምር መላ አካሉ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በየመሃሉ እያቆሙ ማድረቅ ግድ ሆኗል።)

ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ ዐይናችን ግዝፈትን የሚለካው በጊዜ ነው። የሚወድቅ ነገር የአየሩን መቋቋም ብንተወው 5 ሜትር ለመውረድ 1 ሰከንድ፣ 20 ሜትር ለመውረድ 2 ሰከንድ፣ 45 ሜትር ለመውረድ 3 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከ45 ሜትር ግንብ ጫፍ የተፈነቀለ ድንጋይ በአንድ ሰከንድ ተኩል መሬት ከደረሰ፣ ግንቡ 11 ሜትር ሆኖ ይታየናል። ተመልካቹ ሒሳቡን ባያሰላውም ዐይኑ አይሸወድም።

ትንንሽ ሞዴል እየሠሩ ይቀርጹ የነበሩ ባለሙያዎች ይህን በቀመር ነበር የሚሠሩት። ሞዴሉ ከእውነተኛው 4 ጊዜ ካነሰ፣ የ4 ስኩዌር ሩት 2 ስለሆነ፣ ካሜራው በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቅረጹ ቀርቶ 48 ይቀርጻል። 16 ጊዜ ካነሰ 96 ይቀርጻል። የተቀረጸው በመደበኛው 24 ሲታይ ፍርስራሹ በግዝፈቱ ልክ ይዘገያል። ኮምፒውተርም ይህንኑ ፊዚክስ አሳምሮ ያሰላል። የሚበላሸው ከዚያ በኋላ "ፈጠን ይበል፣ ይድመቅ" ሲባል ነው።

የካሜራው ነገርም አለ። ክሬን ወይም ሄሊኮፕተር ላይ ያለ ካሜራ ይዘገያል፣ ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ድርጊቱ ያመልጠዋል። በኮምፒውተር ውስጥ ያለው ግን በተፋላሚዎቹ እግር መሃል ሾልኮ፣ በመስኮት ገብቶ፣ በአየር ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ካሜራው ክብደት ከሌለው የሚያሳየው ነገርም ክብደት አይኖረውም። በእኔ እምነት ከዚህ የበለጠ ትዕይንት የሚገድል ነገር ብርሃን ብቻ ነው።

ብርሃኑ ለምን ይበላሻል? ተዋናዩ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መጋረጃ ፊት ሲቆም በኋላ በኮምፒውተር ከጀርባው የሚገባው ቦታ ገና አልተወሰነም። ስለዚህ ለሁሉም እንዲሆን ተብሎ ከየአቅጣጫው እኩል የሆነ ለስላሳ መብራት ይበራበታል። ከወራት በኋላ ጀርባው ጀምበር የምትጠልቅበት በረሃ ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ግን ፀሐይ የለችም። ይህን ለመለየት ከአፍንጫ ሥር ያለውን ጥላ፣ የጫማው ጫፍ መሬቱን የሚነካበትን ቦታ፣ ዐይን ውስጥ የሚታየውን ነጸብራቅና የፀጉሩን ጠርዝ ይመልከቱ። ከአራቱ አንዱ ከተሳሳተ ሰውየው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

መፍትሔው ብዙም የረቀቀ አይደለም። በ2021 የወጣው "ዱን" ሲቀረጽ ከአረንጓዴው መጋረጃ ይልቅ የአሸዋ ቀለም ያለው ተሰቀለ። ከመጋረጃው ወደ ተዋናዩ የሚንጸባረቀው ቀለም ከበረሃው ጋር ስለሚስማማ የፀጉሩ ጠርዝ አረንጓዴ አይመታም። "ቶፕ ገን፦ ማቭሪክ" (2022) ደግሞ ተዋናዮቹን እውነተኛ ኤፍ-18 ጄት ውስጥ አስቀምጦ፣ አብራሪው ክፍል ውስጥ 6 ካሜራ ገጥሞ ነው የቀረጸው። ፊታቸው ላይ የሚዞረው ፀሐይና ጉንጫቸውን ወደ ታች የሚጎትተው ግፊት እውነተኛ ነው። በውጭ ከሚታዩት አውሮፕላኖች ግን ብዙዎቹ በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ዐይን ፊቱን ካመነ የቀረውን ይከተላል። ስለዚህ አንድ ፊልም "ምንም ሲጂአይ የለበትም" ተብሎ ሲተዋወቅ ቃል በቃል አይውሰዱት።

ሒሳብ ያዥ

ብርሃኑን በሚመለከት ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ጀርባው ለምን ሳይወሰን ይቀረጻል የሚለውን ነው፤ ሥሩ እዚያ ነውና።

ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቆርጡት ፊልሙ የሚወጣበትን ቀን ነው። ስክሪፕቱ ያልቅም አያልቅም ቀኑ አይነቃነቅም። የኢፌክት ድርጅቶች ደግሞ ሥራውን የሚይዙት በጨረታ፣ አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ነው። ከሙከራ ማሳያ በኋላ መጨረሻው ሲቀየር እንደገና ይቀረጻል፤ ወራት የተለፋበት ትዕይንት ይጣላል፤ አዲሱ በሳምንታት ውስጥ ይጠበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው። አንድ ትልቅ ፊልም 2,000 እና ከዚያ በላይ የኢፌክት ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቁራጭ) ሊኖረው ይችላል፤ ለብዙ ድርጅቶች ይከፋፈላል፤ አንዱ የሠራው ጭስ ከሌላው ጭስ ጋር አይገጥምም።

ገንዘብ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ የሚያሳየው የጃፓኑ "ጎድዚላ ማይነስ ዋን" (2023) ነው። በጀቱ ከ15 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደሆነ ተነግሯል። 610 የኢፌክት ሾቶቹን የሠሩት 35 ሰዎች ሲሆኑ፣ በ2024 የኦስካርን የቪዥዋል ኢፌክት ሽልማት ወስደዋል። ዳይሬክተሩ ታካሺ ያማዛኪ ራሱ የኢፌክቱ ኃላፊ ነበር። "ይህ ይሁን፣ ይህ ይቅር" የሚለው ሰው ከሠሪዎቹ ጋር አብሮ ስለሚሠራ፣ አንድ ሾት በኮሚቴ እጅ ሲንከባለል አይከርምም። ከሆሊውድም "ዘ ክሪኤተር" (2023) በ80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቷል። ሶኒ ኤፍኤክስ3 በሚባል ትንሽ ካሜራ በእውነተኛ ቦታዎች ተቀረጸ፣ ተቆረጠ (ኤዲት ተደረገ)፣ ከዚያ በኋላ ነው ሮቦቶቹና ሕንፃዎቹ በተቆረጠው ምስል ላይ የተነደፉት። የማይታይ ነገር ላይ ገንዘብ አልወጣም።

200 ሚሊዮን የሚባለው ደግሞ የማሠሪያው ብቻ ነው፤ የማስታወቂያው ለብቻው ይቆጠራል። ከቲኬቱ ገቢ በግምት ግማሹ ለሲኒማ ቤቶቹ ይቀራል፤ ቻይና ውስጥ ለውጭው ስቱዲዮ የሚደርሰው 25 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ በዘርፉ የተለመደው ግምት ፊልሙ ለማትረፍ የበጀቱን 2.5 እጥፍ ማስገባት አለበት የሚል ነው። ለ200 ሚሊዮኑ 500 ሚሊዮን ማለት ነው። ያን ያህል ሕዝብ ለመሳብ ሲባል ማንንም የማያስከፋ፣ ማንም ሊሞትበት የማይችል ታሪክ ይጻፋል። ክብደቱ መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀቱ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከፕሮጀክተሩ ጀርባ

ስለ ጨለማውና ስለ ድምፁ እኔ ልመልስ።

ለመደበኛ ፊልም የስክሪን ብርሃን ልኬት 14 ፉት ላምበርት፣ ማለትም 48 ኒት ነው። ስሪዲ ላይ መነጽሩና ማጣሪያው አብዛኛውን ብርሃን ስለሚውጡት ብዙ አዳራሾች ውስጥ ወደ 4 ፉት ላምበርት ይወርዳል። የሌሊት ትዕይንት በዚያ ብርሃን ከታየ ጥቁሩና ግራጫው ይደባለቃሉ። የፕሮጀክተር አምፖልም ሲያረጅ ይደክማል፤ በወቅቱ ካልተቀየረ ስሪዲ ያልሆነው ፊልምም ይጨልማል። አንዳንድ አዳራሽ ደግሞ የስሪዲውን ማጣሪያ ሳያነሳ መደበኛ ፊልም ያሳያል፤ ይህ ንጹሕ ቸልተኝነት ነው። ማስታወቂያውም ፊልሙም እኩል ከደበዘዙ ችግሩ ከአዳራሹ ነው፤ ሠራተኛ ጠርቶ መናገር ይገባል።

ድምፁ የሚቀናበረው የአዳራሹ ማጉያ መቆጣጠሪያ 7 ላይ ሲሆን ነው። ተመልካች "ጮኸብን" ሲል ወደ 5 ወይም ወደ 4 ይወርድና በዚያው ይቀራል። ንግግር የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የመሃል ድምፅ ማጉያ ነው፤ ሁሉም ሲቀነስ ፍንዳታው አሁንም ይሰማል፣ ሹክሹክታው ግን ይሰምጣል። ሁሉም ጥፋት የአዳራሽ አይደለም ታዲያ። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ተዋናዩ በቀረጻ ጊዜ የተናገረውን በስቱዲዮ በተቀዳ ድምፅ መተካት አይወድም፤ ስለዚህ ሙዚቃው ንግግሩን የሚውጥባቸው ትዕይንቶች አሉት። ያ ምርጫው ነው፤ ቢከራከሩበትም አዳራሹን መውቀስ አይቻልም።

ስሪዲ? ፊልሙ ከመጀመሪያው በስሪዲ ካሜራ ካልተቀረጸ ወይም ታስቦበት ካልተሠራ ይተዉት።

አይማክስ ግን በደንብ መታየት አለበት። አብዛኛው ትልቅ ፊልም በ2.39 ለ1 ምጥጥን (የምስሉ ስፋት ለቁመቱ) ነው የሚቀርበው። ዲጂታል የአይማክስ አዳራሾች የሚበዙት 1.90 ለ1 ናቸው፤ ትልቁ ስክሪን 1.43 ለ1 ነው። ፊልሙ በአይማክስ ካሜራ ከተቀረጸ ወይም ምስሉ ለዚያ ስክሪን ከተዘጋጀ ከላይና ከታች ተጨማሪ ምስል ያገኛሉ። ካልሆነ የሚከፍሉት ለስክሪኑ ግዝፈትና ለድምፁ ብቻ ነው። "ኦፐንሃይመር" (2023) የሚገባው ዓይነት ነበር፤ ለጥቁርና ነጭ ትዕይንቶቹ ኮዳክ ከዚያ በፊት ያልነበረ ባለ65 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ የመቅረጫ ፊልም ጥቅል ሠርቶለታል። ለአይማክስ የታተመው ቅጂ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር።

መቀመጫ ሲመርጡ በመደበኛ አዳራሽ ከስክሪኑ ስፋት 1.2 እስከ 1.5 እጥፍ ያህል ርቀው መሃሉን ይያዙ። ስክሪኑ 12 ሜትር ከሆነ ከ14 እስከ 18 ሜትር ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ከአዳራሹ ርዝመት ሁለት ሦስተኛው ላይ ይውላል፤ ድምፁም እዚያ አካባቢ ይስተካከላል። ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ላይ እንቅስቃሴውን የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉት፤ የሌለ ፍሬም እየፈጠረ ስለሚሞላ ሁሉን ነገር የስቱዲዮ ድራማ ያስመስለዋል።

የመሃል ረድፍ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጣችሁ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ብዙ ሰው "ቶሎ ቶሎ ስለሚቆረጥ ነው" ይላል። የኤዲቲንጉ ፍጥነትስ ድርሻ የለውም?

መቀስ

ፍጥነቱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። "ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ" (2015) በ2 ሰዓት ውስጥ 2,700 ያህል ቁርጥ አለው፤ ሲካፈል አንዱ ሾት ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ማን የት እንዳለ አይጠፋዎትም። ምክንያቱ ዋናው ነገር ሁልጊዜ የምስሉ መሃል ላይ እንዲሆን ተደርጎ መቀረጹ ነው። ሾቱ ሲቀየር ዐይንዎ ያለበት ቦታ ላይ ቀጣዩ ድርጊት ይጠብቅዎታል። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክስል ከ480 ሰዓት ቅጂ ነው ይህን ያወጣችው፤ ኦስካርም አግኝታበታለች።

አድካሚ የሚሆነው ዐይን በየቁርጡ መፈለግ ሲጀምር ነው። ፊቱ በግራ ጥግ፣ ቡጢው በቀኝ ጥግ፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ምቱ ያረፈበት ቅጽበት ተቆርጦ ወጥቷል። ይህ የሚደረገው አንዳንዴ ተዋናዩ ድብድቡን ለመለማመድ በቂ ሳምንታት ስላልተሰጠው ነው፤ መቀሱ ድክመቱን ይሸፍናል። ስለዚህ ከሒሳብ ያዥ ጋር እስማማለሁ፤ ጊዜ ያጣ ፊልም ነው ክብደት የሚያጣው።

አንድ መፈተሻ ልስጥዎ። የድብድቡን ትዕይንት ድምፁን አጥፍተው ለ30 ሰከንድ ይዩት፣ ከዚያ ያቁሙትና በሩ በየት በኩል እንደነበር፣ ስንት ሰው እንደቀረ፣ መሣሪያው በማን እጅ እንዳለ ይናገሩ። ሦስቱንም ከመለሱ ኤዲቲንጉ ጤነኛ ነው። ካልመለሱ ደግሞ ድምፁን ከፍተው እንደገና ይዩት፤ ትዕይንቱን ተሸክሞት የነበረው ሙዚቃው እንደሆነ ወዲያው ያገኙታል።