ረቂቄን ወደ ጆርናል ከመላኬ በፊት፦ ስታትቼክ አብዛኛውን ውጤት አያይልኝም

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በመጠይቅ የተሠራ የሥነ ልቦና ጥናት ነው፤ 70 ገደማ ዋቢ አለው። ፒዲኤፉን ስታትቼክ (የስታትስቲክስ ውጤቶች እርስ በርስ መጣጣማቸውን የሚፈትሽ መሣሪያ) ላይ ስጭን ከ20 በላይ ፈተናዎች እያሉ 6 ብቻ ያወጣል፤ ከነሱም ሁለቱን «አይጣጣምም» ይላል። ስሌቱን ከሠራሁበት የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውጤት ጋር ሳመሳክረው ግን ቁጥሩ ያው ነው። ሌላስ ምን ልፈትሽ?

ቁጥር ወዳድ፦ ስታትቼክ የሚያነበው በኤፒኤ (የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር) የአጻጻፍ ሥርዓት በዓረፍተ ነገር ውስጥ የተጻፈን ውጤት ብቻ ነው፦ ቲ(28) = 2.20፣ ፒ = 0.036 (ቲ የፈተናው ውጤት ነው፤ ፒ ደግሞ እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ ውጤት የማግኘት ዕድል)። ሰንጠረዥ ውስጥ ያለውን አያይም። በቲ እና በፒ መካከል ኢፌክት ሳይዝ (የልዩነቱን መጠን የሚያሳይ ቁጥር) ካስገቡም ያልፈዋል፤ ከፒ በኋላ ያድርጉት። ፒዲኤፍ ደግሞ ወደ ጽሑፍ ሲቀየር የእኩል ይሆናል እና የመቀነስ ምልክቶችን ያበላሻል፤ የወርድ ፋይሉን ይስጡት። «አይጣጣምም» ያላቸውን ሁለቱን እዚህ ይለጥፏቸው።

ጠያቂ፦ አንዱ ፒ = 0.000 ነው። ሌላው በቦንፌሮኒ (ብዙ ንጽጽር ሲኖር ለፒ የሚደረግ ማስተካከያ) የታረመ ነው፣ 5 ንጽጽር አለው።

ቁጥር ወዳድ፦ የመጀመሪያው እውነተኛ ስህተት ነው። ሶፍትዌሩ 0.000 የሚያትመው አሃዙን ስለሚያጠጋጋ ነው፤ ፒ ዜሮ አይሆንም። ፒ < 0.001 ብለው ይጻፉ። ሁለተኛው የውሸት ማንቂያ ነው፦ እርስዎ ፒውን በ5 አባዝተዋል፣ መሣሪያው ግን ይህን አያውቅም። ያልታረመውን ፒ አስፍረው የመወሰኛውን ደረጃ 0.05 ለ5 አካፍሉ፣ ማለትም 0.01 አድርጉ፤ ለአንባቢም ይቀላል። በአንድ ጎን የተፈተነ ካለ ደግሞ ፒው ግማሽ ስለሚሆን (ከላይ ባለው ምሳሌ 0.018) ዋን-ቴይልድ መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።

ረቂቅ አንባቢ፦ መጠይቅ ከሆነ የግሪም ፈተናን (የተጻፈው አማካይ በዚያ የሰው ብዛት ሊመጣ መቻሉን የሚያይ ፍተሻ) አይዝለሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ካልኩሌተር ይበቃል። መልሶቹ ሙሉ ቁጥር ከሆኑ ድምራቸውም ሙሉ ቁጥር ነው። 23 ሰው፣ አማካይ 3.45 ተብሏል እንበል፦ 79 ለ23 ሲካፈል 3.43፣ 80 ለ23 ሲካፈል 3.48። በመካከሉ ምንም የለም፤ ስለዚህ 3.45 ሊመጣ አይችልም። ግን ወዲያው አማካዩን አይቀይሩ! አንድ ሰው ጥያቄውን ዘሎት ከሆነ 76 ለ22 ሲካፈል 3.45 ይሰጣል፤ የተሳሳተው የሰው ብዛት ነበር ማለት ነው። መለኪያው የ4 ጥያቄዎች አማካይ ከሆነም ማካፈል ያለብዎ ለ92 (23 በ4 ሲባዛ) ነው፣ ያኔ 3.45 ይቻላል። ናሙናው ከ100 ሲበልጥ፣ በሁለት አሃዝ ዴሲማል ለተጻፈ አማካይ ፈተናው ምንም አይለይም።

ዋቢ ጠባቂ፦ ለ70ዎቹ ዋቢዎች ዞተሮ (የዋቢ ማደራጃ ሶፍትዌር) ይበቃል። የተሰረዙ ጥናቶችን ከሚመዘግበው ከሪትራክሽን ዎች የመረጃ ቋት ጋር እያመሳከረ፣ የተሰረዘ ጽሑፍ ሲያገኝ በቀይ ያሳያል። ዲኦአይ ወይም ፒኤምአይዲ (የጽሑፍ መለያ ቁጥሮች) የሌለው ዋቢ ግን ሊያመልጠው ስለሚችል አስቀድመው ይሙሉ። የተሰረዘ ጽሑፍ ቢገኝ ዋቢውን ብቻ አውጥቶ ዓረፍተ ነገሩን መተው አይበቃም፤ በእሱ ላይ የቆመው ነጥብ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል።

ረቂቁ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳየውን የመመሳሰል መቶኛ ብዙም አይከተሉት። የራስዎ ፕሪፕሪንት (ከጆርናሉ በፊት በድረ ገጽ የወጣ ረቂቅ) ብቻውን ሊያንረው ይችላል። ዋቢዎቹንና ፕሪፕሪንቱን አስወጥተው የቀሩትን ረጃጅም አንቀጾች አንድ በአንድ ያንብቡ።

ረቂቅ አንባቢ፦ አንድ ነገር ልጨምር፦ ያልታተመ ረቂቅ ድረ ገጽ ላይ ከመጫንዎ በፊት ፋይሉን ያስቀር እንደሆነ ይዩ፤ ተባባሪ ደራሲዎቹንም ያስፈቅዱ። ስታትቼክ የአር (የስታትስቲክስ ስሌት ቋንቋ) ፓኬጅ ስላለው በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ይቻላል።