ከቬትናም የመጣ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ጌጡ ረገፈብኝ፤ እንዴት ልመልሰው?

የቧንቧ ውሃው ክራር ሠሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፤ እንዴት ናችሁ ጀማው?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ክራርና ማሲንቆ እሠራለሁ። የተሰበረም እጠግናለሁ። ሙያውን የወረስኩት ከአባቴ ነው። እኔ ከያዝኩት 19 ዓመት ሆነኝ። አሁን እጄ ላይ ያለው ነገር ግን ከማውቀው ሁሉ ወጣ ያለ ነው። ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

ባለፈው ሐምሌ የጎረቤታችን ልጅ ከቬትናም ሥልጠና ሲመለስ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ይዞ መጣ። ዳን ባው ይባላል። "የማሲንቆህን ዘመድ አመጣሁልህ" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ክሩ አንድ ብቻ ነው። ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ጠባብ ሣጥን አለው። በአንደኛው ጫፍ ከጎሽ ቀንድ የተሠራ ቀጭን ዘንግ ቆሟል። ክሩ የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። እዚያው ላይ ትንሽ ቅል አለች። ቀኝ እጅ በቀጭን እንጨት ክሩን ይመታል። በዚያው ቅጽበት የመዳፍ ጠርዝ ክሩን ግማሹ ላይ፣ ሲሶው ላይ፣ ሩቡ ላይ ነካ ያደርገዋል። ግራ እጅ ደግሞ ዘንጉን ሲገፋና ሲስብ ድምፁ ይለመጣል። ልጁ የሚያውቀው ሁለት ሦስት ዜማ ብቻ ነው። እሱንም ሲጫወት ባለቤቴ ቡና መቁላቱን ትታ ቆማ ሰማችው።

የኔን ዓይን የያዘው ግን ጎኑ ነው። ጥቁር ቡናማ እንጨት ላይ ቀርከሃ፣ አበባና አንዲት ወፍ አሉ። ቀለም አይደለም። ከዛጎል ተቆርጦ እንጨቱ ውስጥ የተገጠመ ነው። እጅህን ብታሳልፍበት ጠርዙ አይታወቅህም። ወደ መስኮት ዞር ስታደርገው የወፏ ደረት ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አላየሁም።

ክረምቱን ደህና ከረመ። ጥር ላይ ልጁ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። የወፏ አንድ ክንፍና አንድ የቀርከሃ ቅጠል ለቀዋል። ክንፉ ደህና ነው። ቅጠሉ ለሁለት ተሰብሯል። እናቱ ቤት ስትጠርግ አግኝታ በክብሪት ቀፎ አስቀምጣቸዋለች፤ እግዜር ይስጣት።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በምን ልለጥፈው? ሁለተኛው የራሴ ነው። ይህን ነገር በክራር ላይ መሥራት ይቻላል ወይ? አባቴ በክራር ላይ ጌጥ አይወድም ነበር። ዛጎልና ጨሌ አንጠልጥልልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ እምቢ ይል ነበር። "ክራር ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ሳትጠይቀው ይዘፍናል" ይላል። ልክ ነበር። አምባሰልን ቃኝተህ ስትገርፈው ዛጎሉ ይንጫጫል። ይሄ የቬትናሞች ግን አይንጫጫም። ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል። አባቴ ቢያየው ምን ይል ነበር እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።


የኮምቦልቻው አናጢ

ወንድሜ፣ ሱፐር ግሉ ጠብ አድርገህ ለአምስት ደቂቃ በጣትህ ያዘው። አለቀ። እኔ ስንት የወንበር ጌጥ መልሼበታለሁ።


ሐኖይ የኖርኩ የወልድያ ልጅ

ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ሱፐር ግሉውን ቆይ! የኮምቦልቻውን ወንድማችንን ላስቀይም አይደለም። ግን እንጨቱ ውስጥ ከገባ ነጭ እድፍ ይተዋል። ነገ ማንሳት ብትፈልግ ደግሞ አይለቅም።

ሐኖይ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ይህን ሥራ በዓይኔ ስላየሁት ባለኝ ልርዳህ። እዚያ ኻም ቻይ ይሉታል። ከከተማው መሃል ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ቹኦን ንጎ የሚባል መንደር አለ። መንደሩ በሙሉ በዚህ ሙያ ነው የሚተዳደረው። ሙያውን ያመጣልን የሚሉት ቹዎንግ ኮንግ ታይን የተባለ ሰው ነው፤ በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሊ በሚባሉት የቬትናም ነገሥታት ጊዜ። እንደ አባት ያከብሩታል። ቤተ መቅደስም አለው። ሐኖይ መሃል፣ ሐይቁ ዳር፣ ሃንግ ኻይ የሚባል መንገድ አለ። ፈረንሳዮቹ በቅኝ ግዛት ዘመን ዛጎል እንጨት ላይ የሚገጥሙ ባለሙያዎች መንገድ ብለውት ነበር። መሣሪያውን የሚሠሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ዳው ሳ የሚባል መንደር አለ፤ እሱም የሐኖይ ገጠር ነው። እዚያ ክሩን፣ ሣጥኑን፣ ድምፁን ያውቃሉ።

አሠራሩን ልንገርህ፤ አንተ ከኔ በላይ ይገባሃል። ቅርፊቱ የወንዝ ወይም የባሕር ዛጎል ነው። መጀመሪያ የውጭውን ሻካራ ቆዳ ፍቀው ያነሱታል። ጎባጣ ስለሆነ ትንንሽ አድርገው ይቆርጡታል። ነክረውና አሙቀው ያቃኑታል። ከዚያ በወረቀት የተሣለውን ቅርፅ ይለጥፉበትና እንደ ክር በቀጠነ መጋዝ ዙሪያውን ይሄዱበታል። እዚህ ላይ ትንፋሻቸውን የሚይዙ ይመስላሉ። አንዲት እናት ሐረግ ስትቆርጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። መጋዙ ዝም ብሎ ይወጣል ይወርዳል። የምታዞረው ዛጎሉን ነው። የተቆረጠውን እንጨቱ ላይ ያስቀምጡና ዙሪያውን በሹል ብረት ይጭራሉ። በዚያው ጭረት ልክ በመሮ ይፈለፍሉና ይለጥፉበታል። ከዚያ እስኪስተካከል ይሞርዳሉ።

የሚያስገርመው መጨረሻው ነው። ዛጎሉ ከተገጠመ በኋላ በቀጭን ብረት የቅጠሉን ጅማት፣ የወፏን ላባ ይጭሩበታል። ጭረቱ ላይ ጥቁር ይቀቡና ይወለውሉታል። ጥቁሩ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ወፏ ነፍስ ትዘራለች። አንተም ክንፉን ስትመልስ ጥቁሩን መስመር በብርጭቆ ወረቀት እንዳትሰርዘው አደራ።

ስለ ክራሩ ጥያቄህ አንድ ነገር ልብ በል። ዳን ባውም ሆነ 16 ክር ያለው ዳን ቻኝ ጌጡ የት ነው ያለው? ጎኑና ጫፉ ላይ ነው። የላዩ ገጽ፣ ድምፅ የሚሰጠው፣ ቀለል ካለ ለስላሳ እንጨት ነው የሚሠራው። እሱ ላይ ዛጎል አይጭኑበትም። አባትህና እነሱ አንድ ነገር ነው የሚሉት።


የድሮ ዕቃ አዳሽ

ሰላም። እኔ የድሮ የቤት ዕቃ አድሳለሁ። ለምን እንደለቀቀ ልንገርህ፤ ምክንያቱን ካላወቅህ ቀሪው ደግሞ ይለቅብሃል።

እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቅ ይጨማደዳል። ይህ የሚሆነው ግን በወርዱ ነው። በርዝመቱ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም። ዛጎል ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ሐኖይ አየሩ እርጥብ ነው። መሣሪያህ ደሴ የደረሰው በሐምሌ፣ በዝናቡ ነውና አልተሰማውም። በጋው ሲገባ እንጨቱ ከስሩ ሸሸ። እስኪ እየው፤ የለቀቁት በእንጨቱ ወርድ አግድም የተቀመጡት ይመስሉኛል።

እነሱ የሚለጥፉበት የዛፍ ሙጫ ነው። ሶን ታ ይሉታል። ጥሬው ቆዳ ላይ ካረፈ ያሳክካል፣ ያቆስላል። የሚደርቀውም በእርጥብ አየር ነው፤ በኛ በጋ በወጉ አይደርቅም። ስለዚህ እሱን አትመኝ። ያንተ መድኃኒት ደጅህ ላይ ነው። ክራር የምትለብድበት ቆዳ ቁርጥራጭ የለህም? የቆዳ ሙጫ አፍላ። ጨው ያልነካው ጥሬ ቆዳ ይሁን። ፀጉሩን አንሳና እጠበው። ቀኑን ሙሉ በለሰለሰ እሳት ቀቅለው፤ አይንተክተክ። አጥልለህ ስታቀዘቅዘው እንደ መረቅ ይረጋል። ስትለጥፍበት ጣሳውን ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠህ አሙቀው። ከ60 ዲግሪ ብዙ አትለፍ፤ ከፈላ ጉልበቱን ያጣል።

የዚህ ሙጫ ጥሩነቱ ይቅርታ ማወቁ ነው። ነገ ከተሳሳትክ በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ይለቃል። ኢፖክሲ የሚባለው የፋብሪካ ማጣበቂያ እንዲህ አያደርግም። የዛጎሉን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሻክረው። ከጉድጓዱ ውስጥ የሚነሳውን አሮጌ ሙጫ ብቻ አንሳ፤ እንጨቱን አትፋቅ። ከዚያ በብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ጠቅልለህ ሌሊቱን ተወው። መሣሪያው ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ሳህን ውሃ ይቀመጥ፤ ፀሐይና ከሰል ምድጃ አጠገብ አይዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ዛጎል ስትሞርድ አርጥበህ ሞርድ፣ አፍንጫህንም ሸፍን። ብናኙ ለሳንባ ክፉ ነው። ደግሞ በሎሚ እንዳታጸዳው! የኛ ሰው የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ በሎሚ ማሸት ይወዳል። ዛጎል ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ አሲድ ይበላዋል። ያ የምታየው ሐምራዊና አረንጓዴ ቀለም አይደለም። እጅግ ስስ ንብርብሮች ብርሃኑን ሲመልሱት ነው የሚወጣው። የላዩ ንብርብር በሎሚ ከተበላ ውበቱ አብሮ ይሄዳል።


የባቲ ልጅ

ክራር ላይ ልትሞክር ካሰብክ የኛ የሰኞ ገበያ ዛጎል አይሆንህም። ገዝቼ ሰብሬ አይቼዋለሁ። ውስጡም እንደ ስኒ ነጭ ነው፤ ቀስተ ደመናው የለውም። ለምን በቀንድ አትሞክርም? የበሬ ቀንድ በፈላ ውሃ ይለሰልሳል። በሁለት ሳንቃ መሃል ጠብቀህ ብታሳድረው ይቃናል። ዋንጫ ሠሪዎቻችን ይህን ያውቁታል። ጥቁር ቀንድ በዋንዛ ላይ ደግሞ ያምራል።


የቧንቧ ውሃው ክራር ሠሪ

ጀማው፣ ሦስት ሳምንት ጠፋሁ። እጄ ሥራ ላይ ነበር።

አዳሹ ወንድሜ፣ እንዳልከው ነው። ክንፉም ቅጠሉም በእንጨቱ ወርድ የተቀመጡ ናቸው። በርዝመቱ የሄደው ረጅሙ የቀርከሃ ግንድ ንቅንቅ አላለም። ይህን ሳይ ደነገጥኩ። እኔ ክራር ስሠራ የዋንዛው ገበቴ በበጋ ሲሰነጠቅብኝ ኖሬያለሁ። መድረቁን አውቃለሁ፤ በየት በኩል እንደሚሸሽ ግን እንዲህ አስቤው አላውቅም።

ሙጫውን ከፍየል ቆዳ ቁርጥራጭ አፈላሁ። ቤቱ ሸተተ፤ ባለቤቴ ግቢ አስወጣችኝ። የመጀመሪያውን አፍልቼ አበላሸሁት። ሁለተኛው ተሳካ። መጀመሪያ በብጥስጣሽ እንጨት ሞከርኩ። ከዚያ ክንፉን መለስኩ። ላስቲክ ጠቅልዬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ክንፉ ገብቷል፣ መስመሩም አልጠፋም። የተሰበረው ቅጠል ስንጥቁ ይታያል። በጥቁር ልደብቀው አስቤ ተውኩት። ልጁም "ይታይ፤ ደሴ ላይ የደረሰበት ነው" አለ።

የወልድያዋ እህቴ፣ የጻፍሽውን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዛጎሉን ነው የምታዞረው ያልሽው ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ መጋዙን ሳዞር ነበር የምሰብረው። የባቲው ወንድሜ እንዳለው ቀንድ አመጣሁ። ሰባት ቅጠል ቆርጬ ሰባቱንም ሰበርኩ። መጋዙን ዝም አሰኝቼ ቀንዱን ማዞር ስጀምር ስምንተኛው ወጣ።

አሁን አንድ ክራር ጨርሻለሁ። ቀንዱን ገበቴው ላይ አላስቀመጥኩም። ቆዳው አጠገብ አልደረስኩም። ቀንበሩንም ትቼዋለሁ፤ ክር የሚጠቀለልበት ስለሆነ። ሁለቱ ቋሚዎች ላይ፣ ከውጭ በኩል፣ በእንጨቱ ርዝመት አራት አራት ቅጠል ብቻ ገጠምኩ። ከመፈልፈሌ በፊት በአምባሰል ቃኝቼ ድምፁን በስልኬ ቀድቼ ነበር። ሲያልቅም በዚያው ቅኝት ቀዳሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ልጄ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን እንድታሰማኝ አደረግሁ። ልለየው አልቻልኩም። አንድም የሚንጫጫ ነገር የለም።

እሁድ ልጁ ዳን ባውውን ይዞ መጣ። እኔ ክራሩን ያዝኩ። እሱ ዘንጉን ይለምጣል፣ እኔ ትዝታን ቀስ አድርጌ እደረድራለሁ። ድምፁ ከኛ ቅኝት ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ግን በዘንጉ እየሳበ ወደኛ ያመጣዋል። ጎረቤት ሁሉ ደጃፋችን ላይ ተሰበሰበ። አባቴ ይቀመጥበት የነበረው በርጩማ ላይ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ተቀምጠው ነበር። ሲያልቅ ክራሩን ተቀበሉኝና ቅጠሎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። "ጠርዙ የታለ?" አሉኝ።

እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። የላባውን መስመር የሚጭሩበት ብረት ጫፉ ክብ ነው ወይስ እንደ መሮ ጠፍጣፋ? በመርፌ ሞክሬ መስመሩ እየሳተብኝ ነው።


ሐኖይ የኖርኩ የወልድያ ልጅ

እንኳን ደስ አለህ ወንድም ጋሼ! አለቀስኩ እኮ። ሲሠሩ የቀረጽኩት ቪዲዮ አሮጌው ስልኬ ውስጥ ነው። ዛሬ ማታ አብርቼው በደንብ አይና እዚሁ እጽፍልሃለሁ።