ክርስቲያን ወጣት ምን ዓይነት ልብ ወለድ ያንብብ? የአንዲት አንባቢ ሐሳብና ጥያቄ

ጥያቄ (ከአንዲት የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ)፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን ከመንፈሳዊ መጻሕፍት ጎን ለጎን ልብ ወለድም አነባለሁ። አንድ መምህሬ ጊዜዬን ለፈጠራ ታሪክ ከምሰጥ ገድላትን ባነብ እንደሚሻል መክረውኛል። ምክራቸውን ሳላቃልል፣ ያነበብኋቸውን በየዘውጋቸው መዝኜ አስተያየታችሁን ልጠይቅ ወደድሁ።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚልቀው እ.ኤ.አ. በ1866 የወጣው የዶስቶየቭስኪ «ወንጀልና ቅጣት» ነው። ዋናው ባለ ታሪክ ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን አራጣ አበዳሪና እኅቷን ሊዛቬታን በመጥረቢያ ከገደለ በኋላ፣ ሶንያ የተባለች ወጣት ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 የአልዓዛርን ትንሣኤ ታነብለታለች። ያን መጽሐፍ ለሶንያ ያመጣችላት ያችው የተገደለችው ሊዛቬታ መሆኗን ደራሲው እንደ ዋዛ ጣል አድርጎት ያልፋል። ስለ ንስሐ ከሰማኋቸው ስብከቶች ብዙዎቹ ይህን ያህል አላስደነገጡኝም።

ከወንጀል ምርመራ ታሪኮች ደግሞ የቼስተርተንን አባ ብራውን እወዳለሁ። በመጀመሪያው ታሪክ ፍላምቦ የተባለው ሌባ ካህን መስሎ፣ በሰንፔር ያጌጠውን መስቀል ሊሰርቅ አብሯቸው ይጓዛል። አባ ብራውን ሐሰተኛ ካህን መሆኑን እርግጠኛ የሚሆኑት፣ በጨዋታ መካከል የሰውን የማመዛዘን ችሎታ ሲያጣጥል በመስማታቸው ነው፤ ሥነ መለኮትን በወጉ የተማረ ሰው እንዲያ አይናገርምና። የሌቦችን ዘዴ የሚያውቁትም የብዙ ሰው ኑዛዜ ስለ ሰሙ ነው።

በአንጻሩ መንፈሳዊ ተብለው የሚጻፉ ልብ ወለዶች ብዙ ጊዜ ያሰለቹኛል። ልጅቷ በመጀመሪያው ምዕራፍ ትሳሳታለች፣ በመጨረሻው ትጸልያለች፣ ወዲያው ሥራም ባልም ታገኛለች፤ ኃጢአቱ ክብደት የለው፣ ንስሐውም ዋጋ አላስከፈላት። ስለ ስኬት መጻሕፍት የምለው ብዙ የለኝም፤ አንዱን ያነበበ ሁሉንም እንዳነበበ ይቆጠራል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ጨለማን በግልጽ የሚያሳዩ መጻሕፍትን፣ እንዲሁም ጥንቆላ ያለባቸውን ምናባዊ ታሪኮች ክርስቲያን እስከ ምን ድረስ ቢያነብ ይገባዋል? የሲ. ኤስ. ሉዊስን የናርኒያ ታሪክ ጀምሬ ጠንቋይቷ ስትመጣ አቁሜዋለሁ።

መልስ 1 (ከአንድ መምህር)፦

ልጄ ሆይ፣ የጠየቅሽው ነገር በቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ግሪክ ሥነ ጽሑፍ ለወጣቶች ሲጽፍ፣ ንብ ወደ አበባው ሁሉ እንደማትሄድ፣ ካረፈችበትም የሚጠቅማትን ብቻ ወስዳ ሌላውን እንደምትተው አስታውሶ፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ ብሏል። እርሱ ራሱ በአቴና የተማረ ነውና የሚመክረውን ያውቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስም በአርዮስፋጎስ ቆሞ የአሕዛብን ባለ ቅኔዎች ቃል ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)።

የመምህርሽን ስጋት ግን ቀላል አድርገሽ እንዳታዪው እለምንሻለሁ። አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል፣ በልጅነቱ በግጥም ውስጥ ለሞተችው ለዲዶ እያለቀሰ፣ ከእግዚአብሔር ርቃ ለምትሞተው ለገዛ ነፍሱ ግን አለማልቀሱን በምሬት ያነሣል። ለእኔ ከጨለማው ትዕይንት ይልቅ የሚያሰጋኝ ይህ ነው፤ ሰው ለሶንያ አልቅሶ መጽሐፉን ሲዘጋ ጉዳዩን እንደ ጨረሰ ይሰማዋል። ገድላቱን ግን አትተዪ፤ ከልብ ወለዱ ጋር የሚያጣላቸው ነገር አላየሁም።

መልስ 2 (ከአንዲት የቤተ መጻሕፍት አገልጋይ)፦

እኅቴ፣ ጠንቋይቷ ስትመጣ ማቆምሽ አሳዘነኝ፤ ታሪኩ ገና ሊጀምር ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1950 በታተመው በዚያ መጽሐፍ፣ በረዶው እንዳይነሣ፣ የልደት በዓልም እንዳይደርስ አድርጋ ምድሪቱን የያዘቻት እርሷው ናት። ኤድመንድ የተባለው ልጅ ወንድሙንና እኅቶቹን አሳልፎ ሊሰጣት የሚስማማው በጣፋጭ ተታልሎ ነው፤ ከበላ በኋላም ይብስበታል እንጂ አይጠግብም። ፈተና እንዴት እንደሚሠራ ለልጅ በዚህ መልክ ያስረዳ ስብከት አላጋጠመኝም። በኋላም አንበሳው አስላን በእርሱ ፈንታ በድንጋዩ ገበታ ላይ ይታረዳል፤ ከዚህ በላይ ከነገርሁሽ መጽሐፉን እቀማሻለሁ።

እኔ መጽሐፍ ሳውስ የምመለከተው ጥንቆላ ተጠቅሷል ወይ ብዬ አይደለም፤ ቢሆንማ የሐዋርያት ሥራም ስለ ሲሞን መሠርይ ይናገራል። የምመለከተው ድርጊቱን እንደሚመኙት ሙያ አድርጎ ያቀርበዋል ወይ የሚለውን ነው። እንዲያ ያለውን ለልጆች አላውስም።

መንፈሳዊ ልብ ወለድን በሙሉ በአንድ ዓይን ማየትሽን ግን አልቀበልም። ጆን በንያን በእምነቱ ምክንያት ታስሮ የኖረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው የመንገደኛው ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ መንገዱ ለማንም አልተቃለለም። በእኛም አገር የኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» የዚያው ዓይነት ምሳሌያዊ ጉዞ ነው።

መልስ 3 (ከአንድ አንባቢ)፦

በዚህ ሁሉ መካከል «ፍቅር እስከ መቃብር» አለመነሣቱ ገረመኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ስለሆኑ የቆሎ ተማሪውን ሕይወት የሚጽፉት ከውስጥ ሆነው ነው። መጽሐፉ ባላባቱንና ካህኑን ይዘልፋል ብለው የሚሸሹት አሉ፤ እኔ ግን ከጉዱ ካሳ ወቀሳ ይልቅ የበዛብህ ስእለት ያሳስበኛል። ለእግዚአብሔር የተሳሉት ወላጆቹ ናቸው፤ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ በስእለቱ የሚጨነቀው ግን እርሱ ነው። ሌላ ሰው የተሳለው ስእለት የልጁን ሕሊና ያስራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ከዚያ መጽሐፍ በላይ ያፋጠጠኝ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። መንፈሳዊ ልብ ወለዶችን በከሰስሽበት ክስ «ወንጀልና ቅጣት»ም ሊጠየቅ ይገባል። የራስኮልኒኮቭ መለወጥ በመደምደሚያው ጥቂት ገጾች ውስጥ የተጣደፈ ነው።

ከጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ ስለ ዲዶ የጻፉልኝን በቀላሉ የማልፈው አይደለም፤ በእርስዎ ምክር መሠረት ገድላቱን አልተውም። ናርኒያንም ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የተውሁት ሁሉም ያነበበው ስለ መሰለኝ ነው፤ የስእለቱን ነገር ግን በዚህ መልክ አስቤው አላውቅም፣ ደግሜ አነበዋለሁ።

በመደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። ራስኮልኒኮቭ በሳይቤሪያ የሶንያን ወንጌል ትራሱ ሥር ያኖረዋል እንጂ እስከ መጨረሻው ገጽ ሲገልጠው አናይም፤ ደራሲውም አዲሱ ሕይወት ብዙ ዋጋ እንደሚያስከፍለው፣ ታሪኩም ሌላ መጽሐፍ እንደሚሆን ተናግሮ ይተወዋል። የእኔ ልጅቷ ግን በዚያው ምዕራፍ ሠርጓን ትደግሳለች። እኅቴ፣ «ወዳጄ ልቤ» በቤተ መጻሕፍታችሁ ካለ፣ ለማንበብ የሚፈቀደው ለአባላት ብቻ መሆን አለመሆኑን ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል።