የዲሴምበሩ ጉዞ ዕቅድ፦ ፍሎሪዳ ያለ ዲዝኒ (ሐሳብ እስከ እሑድ ማታ ብቻ)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ባለፈው ስብሰባ እንደተባለው ዲዝኒም ዩኒቨርሳልም የለበትም። ልጆቹ አይጥ ማቀፍ ሰልችቷቸዋል፣ እኛም ለሰልፍ መክፈል ሰልችቶናል። ዲሴምበር 26 (ታኅሣሥ 17) ንጋት ላይ ከአትላንታ ተነስተን 75 አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ታች። በመጀመሪያው ቀን ጌይንስቪል እንቆማለን። ዴቭልስ ሚልሆፐር የሚባል መሬቱ ራሱ ተደርምሶ የፈጠረው ጉድጓድ አለ። 120 ጫማ ይወርዳል፣ በደረጃ ወደ ውስጥ ይወረዳል። አዳር ክሪስታል ሪቨር። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማናቲ (ውኃ ውስጥ የሚኖር ትልቅ እንስሳ)፣ ከሰዓት ታርፖን ስፕሪንግስ፣ ማታ እዚያው የዓሣ እራት በማኅበሩ ወጪ። በሦስተኛው ቀን ረግረጉ ኤቨርግሌድስ፣ ሻርክ ቫሊ ላይ አዞ። አዳር ሆምስቴድ። በአራተኛው ቀን የደሴቶቹ ጫፍ ላይ ወዳለችው ኪ ዌስት ደርሶ መልስ። በአምስተኛው ወደ ቤት። ከካዝና 3,000 ዶላር፣ ቀሪው በነፍስ ወከፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ 3,000 ማን አጸደቀው? ካዝናው ውስጥ ያለው 4,150 ነው። የድንኳን ኪራይም ገና አልተከፈለም። 2,000 ብለህ አስተካክል።

ሹፌሩ፦ «ኪ ዌስት ደርሶ መልስ» የሚለውን የጻፈው ሰው መንገዱን አያውቀውም። ደሴቶቹ ላይ ያለው መንገድ ብቻውን 113 ማይል ነው። 42 ድልድይ አለው። አብዛኛው በየአቅጣጫው አንድ ሌን ነው። ፊታችሁ ጀልባ የሚጎትት ፒክአፕ ከገባ አለቀላችሁ። ሰው ከተጋጨ ደግሞ ማቋረጫ የለም፣ ግራም ቀኝም ባሕር ነው። እዚያው ማደር ግድ ነው። ከኪ ዌስት አትላንታ በአንድ ቀን የሚለውንም እርሱት፣ 800 ማይል ገደማ ነው። ቫኑን ለእኔ ተዉት። ባለ 15 ሰው ቫን በቅናሽ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ። ሹፌሩን ጨምሮ እስከ 15 ሰው ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) አይጠየቅም። ፒች ፓስ (የጆርጂያ የመንገድ ክፍያ መለያ) ያለው ደግሞ የፍሎሪዳውን ሰን ፓስ እንዳይገዛ። እዚያም ይሠራል።

የሦስት ልጆች አባት፦ ሴንት ኦገስቲን የት ሄደ? ባለፈው ስብሰባ እጅ አውጥቼ አስመዝግቤዋለሁ። በ1565 የተቆረቆረ ከተማ ነው። ምሽጉን በ1672 ጀምረው በ1695 የጨረሱት ኮኪና ከሚባል የዛጎል ድንጋይ ነው፣ እንግሊዞች በመድፍ ሲመቱት አልፈርስ ያላቸው። እሱም ይቅር። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ፎርት ሞሴ አለ። ከካሮላይና ባርነት ያመለጡ ሰዎችን ስፔኖች ነጻ ብለው በ1738 ያሰፈሩበት ቦታ ነው። የራሳቸው ሚሊሺያ ነበራቸው። ልጄ ትምህርት ቤት የሚነገራት ባሪያ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ሲሸሽ ነው። ወደ ደቡብ የሸሹም እንዳሉ ቆማ ትይ። ቆሞ የሚታይ ብዙ ነገር የለም ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ።

ጸሐፊ፦ እሱ ምሥራቅ ዳር ነው፣ እኛ የምንወርደው በምዕራብ ነው። ስንመለስ እናየዋለን።

የሦስት ልጆች አባት፦ ስንመለስ ማለት አናየውም ማለት ነው።

ዲያቆን፦ በሁለተኛው ቀን «የዓሣ እራት በማኅበሩ ወጪ» ይላል። ታኅሣሥ 18 ጾመ ነቢያት መሆኑ ተረስቶ ነው ወይስ ሆን ተብሎ? የግል ሆድ የግል ነው። በማኅበር ብር ግን በጾም ዓሣ አይገዛም። ይሰረዝ።

የባሕር ዳሩ፦ ዓሣ ከመቼ ወዲህ ነው ጾም የሚያስገድፈው? እኛ ጣና ዳር በገና ጾም ዓሣ እየበላን ነው ያደግነው።

ዲያቆን፦ ያደግክበትና የተጻፈው ይለያያል። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15ን ክፈት።

የባሕር ዳሩ፦ ከፍቼዋለሁ። አንተ የምትለውን አላገኘሁበትም።

ዲያቆን፦ በአማርኛ ብቻ ካነበብከው አታገኘውም።

የባሕር ዳሩ፦ ይኸው፣ አሁን ደግሞ ግዕዝ መጣ።

የቡና እናት፦ ልጆቼ፣ እኔ ሽሮም በሶም ይዤ ነው የምሄደው። ዓሣ የፈለገ ይብላ፣ ያልፈለገ ከእኔ ይቅመስ። ብቻ ጀበናዬ ይካተት። ደግሞ ሦስተኛው ቀን ታኅሣሥ 19 ነው። በገብርኤል ቀን አዞ ልታሳዩኝ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ እትዬ፣ ጀበና ሆቴል አይገባም። ያን ጊዜ የጭስ አላርሙ ጮሆ የሕንጻው ሰው ሁሉ በፒጃማ ፓርኪንግ ላይ የቆመውን አልረሳሁም። 250 ዶላሩ ከካዝና ነው የወጣው።

የቡና እናት፦ ያ ዕጣኑ ነው። ጀበናው ምን አደረገ።

ነርሷ፦ ሌሊት ገብቼ ጠዋት ስወጣ ስልኬ በመልእክት ተሞልቷል። ሆቴል ተገኘ መሰለኝ። ለካ ዓሣ ነው! ስለ ኪ ዌስት አዳር አንድ ሰው እንኳ አልመለሰም? የገና ሳምንት እኮ ነው። ዋጋው እሳት ነው። ዛሬ ካልያዝን አናገኝም።

የባሕር ዳሩ፦ ዓሣው ካልተወሰነ ሆቴሉ ምን ያደርግልሻል። ታርፖን ስፕሪንግስን እዩት እስኪ። ግሪኮቹ በ1905 ስፖንጅ ለመጥለቅ መጥተው የሰፈሩበት፣ እንደ እኛው ኦርቶዶክስ የሆኑ ሰዎች ከተማ ነው። በጾም ሽሪምፕ ይበላሉ፣ ኦክቶፐስ ይበላሉ፣ ደም የለውም ብለው። እነሱ አፈሩ?

ዲያቆን፦ ኦክቶፐስ ነበር የቀረን! ለመረጃህ፣ እዚያ ያሉት ግሪኮች ዲሴምበር 25 ገናቸውን አክብረው ፈስከዋል። እኛ በምንደርስበት ቀን ሥጋም ይበላሉ። በእነሱ አታመካኝ።

የሦስት ልጆች አባት፦ እንግዲያው ጉዞውን ወደ ጃንዋሪ 6 ግፉት። ጥምቀታቸው ያን ቀን ነው። ሊቀ ጳጳሱ መስቀሉን ውኃ ውስጥ ይወረውራል፣ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ጠልቀው ያወጡታል። ልጆቻችን የእኛን ጃን ሜዳ አላዩም፣ ይህን እንኳ ይዩ።

ዲያቆን፦ ጃንዋሪ 6 የገና ገሃድ ነው። ቅዳሴውን ማን ይቁምልህ?

ነርሷ፦ ትምህርት ቤቱስ? ተከፍቶ የለ።

ሰብሳቢ፦ ከጉዳዩ አትውጡ። ያኛው ማኅበር አምና ሁለት አውቶቡስ ሞልቶ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርቶ ዲዝኒ ደርሶ መጥቷል። ፎቶውን እስካሁን እየለጠፉብን ነው። እኛ ከዚያ የተሻለ ቦታ እንሄዳለን ብለን ፎክረን፣ አንድ ሳሕን ዓሣ ላይ ሳምንት ልንፈጅ ነው? ቀጥሉ፣ ግን በጨዋነት።

የባሕር ዳሩ፦ ጨዋነቱን «ሆን ተብሎ» ላለው ሰው ንገሩት።

ዲያቆን፦ ጥያቄ ነው የጠየቅሁት። የነካካው ሰው ካለ ራሱን ያውቃል።

የባሕር ዳሩ፦ ማነው ራሱን የሚያውቀው? ስም ጥራ።

ጸሐፊ፦ በቃ። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔን አናግሩኝ።

የደሴው፦ እስካሁን ዝም ብዬ አነበብኩ። ዓሣውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ጸሐፊውን ለምኜ። ባለፈው ጉዞ ሥጋው ሐላል አይደለም ብዬ ከመኪና ወርጄ በገባሁበት ሁሉ ድንች ጥብስ ስበላ ያየኝ የለም። ክርስቲያኑ ጾም ላይ ነው፣ እኔ ሥጋቸውን አልበላም፣ አንድ ማታ ሁላችን ከአንድ ገበታ የምንነሳበት ነገር ይኑር ብዬ ነው። የማንንም ጾም ለማስገደፍ አይደለም። ይሰረዝ ከተባለ ይሰረዝ። «ሆን ተብሎ» የሚለው ቃል ግን ይነሳ።

ነርሷ፦ ውይ።

ዲያቆን፦ ወንድሜ፣ ያንተ መሆኑን አላወቅሁም። ቃሉ ተነሥቷል። አባትህ ቤት ስንት ጊዜ የጾም ተብሎ ተለይቶልኝ በልቻለሁ፣ እኔ ይህን እረሳለሁ? ዓሣው ግን ከማኅበሩ ካዝና አይሁን። አቋሜ እሱ ነው።

የባሕር ዳሩ፦ አሁንም?

ዲያቆን፦ አሁንም።

ነርሷ፦ እስቲ ቀለል እናድርገው። ማናቲዎቹ ሣር ብቻ ነው የሚበሉት፣ ለዲያቆን የሚመቹ ጾመኞች ናቸው። ከምር ግን ወቅቱ የእነሱ ነው። የባሕሩ ውኃ ከ68 ፋራናይት በታች ከወረደ ስለማይችሉት ወደ ምንጮቹ ይገባሉ። ምንጩ በጋ ክረምት 72 ነው። በክረምት ውኃው ጥርት ይልና ጀርባቸው ላይ የጀልባ ሞተር የሰነጠቀው ጠባሳ ሳይቀር ከላይ ሆነሽ ይታይሻል። ዓሣውን ትታችሁ ይህን ብታነቡ ኖሮ እስካሁን ቦታ ይዘን ነበር።

ጸሐፊ፦ ማሻሻያ። የዓሣ እራቱ ይውጣ። በምትኩ ራሳችን እናብስል፣ ጾሙም ሐላሉም በየድስቱ። የሚቃወም?

የቡና እናት፦ ይህን መጀመሪያ ብትሉኝ ኖሮ። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት። እንጀራውን ሁለት ኮለር እሞላለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሆቴል ውስጥ ምድጃ የለም እኮ።

ነርሷ፦ ቤት እንከራይ። ሆቴሉን እርሱት። ደሴቶቹ ላይ ግን ለዚህ ሁሉ ሰው የሚሆን ቤት የአንዱ ሌሊት ኪራይ ካዝናውን ይጨርሰዋል። አይቼዋለሁ፣ አትልፉ።

ሰብሳቢ፦ ኪ ዌስት ለጊዜው ይቆይ። ለኩባ 90 ማይል የሚለውን ምልክት አቅፎ ፎቶ ለመነሳት ብቻ ያን ያህል ብር አይወጣም።

የሦስት ልጆች አባት፦ ኪ ዌስት ከወጣ ሁለት ቀን ተረፈ። ሴንት ኦገስቲን ይግባ።

ሰብሳቢ፦ እናየዋለን። ሹፌሩ፣ ቫኑ ከምን ደረሰ?

ነርሷ፦ ሹፌሩ?

ገንዘብ ያዥ፦ ሰሞኑን ቴክሳስ ነው አሉ። ስልክ አያነሳም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ አዲስ ነኝ። ኪሲሚ አካባቢ ለብዙ ሰው የሚሆን ቤት ሞልቷል። አሁን አንድ አየሁ። 9 መኝታ ቤት፣ ትልቅ ኩሽና፣ መዋኛ፣ ጋራዡ ውስጥ ፒንግ ፖንግ። ለሁላችን ሲካፈል ከሆቴል ይረክሳል። ቤቱ ቁጭ ብለን ወደፈለግንበት እየሄድን መመለስ እንችላለን። ብሉ ስፕሪንግ የሚባለው ምንጭ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እዚያም ማናቲ አለ።

ነርሷ፦ ብሉ ስፕሪንግ በዚያ ወቅት መዋኘት አይቻልም፣ ከዳር ነው የሚታየው። ግን ጥሩ ነው። ለልጆችም ይሻላል።

የቡና እናት፦ ጓሮ አለው? ጀበናው ጓሮ ይቀመጣል፣ አላርሙም አይሰማው።

ሰብሳቢ፦ እንዲህ ከሆነ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ስር ነን ማለት ነው። ጠቅላላ ጉባኤውንም እዚያው እንጨርሰው። የኮሚቴው ዘመን አልቋል፣ ምርጫውም ቢሆን ከጃንዋሪ ወደ ዲሴምበር ይምጣ። አዳራሽ ኪራይ ይቀርልናል።

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሹ ከቀረ 2,500 ከካዝና ልፈቅድ እችላለሁ። ሪፖርቱንም አቀርባለሁ። ማንም አረፈድኩ አይበለኝ።

የሦስት ልጆች አባት፦ ጉዞ ነበር የተባለው። አሁን ስብሰባ ሆነ? ኤቨርግሌድስስ? ሻርክ ቫሊ 15 ማይል የሚዞር መንገድ አለ፣ አዞው አስፋልቱ ዳር ተጋድሞ በአጠገቡ ነው የምታልፈው። ልጆቼን በዚህ ነው ያባበልኳቸው።

ጸሐፊ፦ ከኪሲሚ በጣም ሩቅ ነው። ደርሶ መልስ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነን። አዞ በየኩሬው አለ፣ እዚያው ይታያል።

የሦስት ልጆች አባት፦ እንግዲያው እኔ በራሴ መኪና በ95 ወርጄ ፎርት ሞሴን አሳይቼ እመጣለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ።

የደሴው፦ እኔ አብሬህ እሄዳለሁ። ሁለት ወንበር ያዝልኝ።

ጸሐፊ፦ የተስተካከለው ረቂቅ፦ ከዲሴምበር 26 እስከ 29፣ ኪሲሚ ቤት ተከራይቶ መቆየት። አንድ ቀን ብሉ ስፕሪንግ። አንድ ቀን ጠቅላላ ጉባኤና ምርጫ። አንድ ቀን ነጻ። መጓጓዣ በየግል መኪና። ምግብ በጋራ፣ አስተባባሪዋ የቡና እናት። ታርፖን ስፕሪንግስ ፍላጎት ካለ።

አዲስ ገቢ፦ አንድ ነገር ልጨምር። አከራዩ የዲዝኒ ቲኬት ቅናሽ አለኝ ብሏል። ቤቱ ከዲዝኒ ሩቅ አይደለም። ነጻውን ቀን ልጆቹ ከፈለጉ ማለቴ ነው።

ነርሷ፦ እንዳትነግሪያቸው።

የባሕር ዳሩ፦ የኔዎቹ ሰምተዋል።

ሰብሳቢ፦ ነጻ ቀን ነጻ ነው። በግል ወጪ። ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይጻፍ።

ገንዘብ ያዥ፦ የቤቱ ዲፖዚት ሐሙስ ማታ ያበቃል። በየቤተሰቡ 180 ዶላር በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያው)። እስካሁን የላከው የደሴው ብቻ ነው። ተመዝግበው ዝም ያሉትን ነገ በስም እለጥፋለሁ።

የባሕር ዳሩ፦ ማታ እልካለሁ። ቤቱ ጓሮ ውስጥ ግሪል አለው?

ዲያቆን፦ ግሪሉ ለምን ተፈለገ?