በጥር እናቴን ጻድቃኔ ማርያምና ደብረ ሊባኖስ ልወስዳት ነው፤ ሰልፉን እንዴት ላምልጠው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ከሮም ጥር 5 ትገባለች፤ የምትመለሰው ጥር 28 ነው። እሷንና እናቴን ይዤ ጻድቃኔ ማርያምና ደብረ ሊባኖስ ልሄድ አስቤያለሁ። በዚያው አዲስ አበባ ሉሲን ላሳያቸው። ያስፈራኝ ሰልፉ ነው። አምና ግንቦት 21 ጻድቃኔ ሄደን ጸበል ለመጠጣት ከሌሊት ቆመን ረፋድ ላይ ነው የደረሰን። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር ተራዋን የጠበቀችው። ይባስ ብሎ መመለሻ መኪና አጥተን መሸብን። አክስቴ ደግሞ "ትኬቱን በስልክ ቁረጥልን" ትለኛለች። እስቲ ልምድ ያላችሁ።

ተጉለቴው፦
ወንድሜ፣ ግንቦት 21 እኮ የደብረ ምጥማቅ በዓል ነው! ሐምሌ ወጥቶ ዝናብ መታኝ እንደ ማለት ነው። ትኬት የሚባል ነገር የለም፤ ቀን መምረጥ ነው ያለህ። ለጻድቃኔ 21ን ብቻ ሳይሆን ልደታን (1)፣ በዓታን (3)ና ኪዳነ ምሕረትን (16) ዝለል። ለደብረ ሊባኖስ የተክለ ሃይማኖትን ቀን፣ በየወሩ 24ን ተው። ታኅሣሥ 24፣ ግንቦት 12 እና ነሐሴ 24 ጭራሽ አይሞከርም። አንተ በጥር ስለሆንክ ደግሞ ጥር 24 ስባረ አጽሙ (የጻድቁ እግር የተሰበረበት መታሰቢያ) ነው፣ እንዳትሸወድ። ቅዳሜና እሁድንም ተዋቸው። ከጥምቀት በኋላ ካሉት ቀናት 15 ወይም 17 በሥራ ቀን ከዋለልህ ደብረ ሊባኖስን ያን ቀን ጨርሰው።

ድሮ ዲያቆን፦
ተጉለቴው ላይ አንድ ልጨምር። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት ነው። እማማ ማስቀደስ ከፈለጉ በሌላው ቀን ውሰዳቸው፤ ጠዋት ያልቅላቸዋል። ጸበሉ ላይ ዝም ብለህ አትሰለፍ። መጀመሪያ አስተናባሪ ፈልገህ "አቅመ ደካማ ይዣለሁ" በለው። ብዙ ቦታ ለአረጋውያንና ለሕሙማን ያስቀድማሉ፤ ካልነገርካቸው ግን ከየት ያውቃሉ? ጀሪካን ለመሙላት ደግሞ ማለዳ አትሰለፍ። ለመጠጣትና ለመጠመቅ የመጣው ሰው ሄዶ ሲቀል ከሰዓት ሙላው። ጸበል በባዶ ሆድ ስለሆነ፣ እናትህ ከምግብ ጋር የሚወስዱት መድኃኒት ካለ አስቀድመህ ሐኪማቸውን ጠይቅ።

ሾፌር ነኝ፦
ስለ ጸበሉ አላውቅም፣ ስለ መኪናው ልናገር። ጥር የሰርግ ወር ነው። በተለይ እሁድ እሁድ ሚኒባሱ ሁሉ ለሙሽራ ተይዟል። "መናኸሪያ ሄጄ አገኛለሁ" ካልክ የአምናው ይደገማል። ኮንትራት ያዝ፤ ከቻልክ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተጋራ። ገንዘቡን ሁሉ በመሄጃው አትክፈል፣ ግማሹን ለመመለሻ ያዝ። የሰው ነገር አይታወቅም (እኔም ሰው ነኝ 😄)።

ደብረ ሊባኖስን ከደብረ ብርሃን ደርሶ መልስ አታስበው። አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በጎጃም መንገድ ወደ 100 ገደማ ነው። አዲስ አበባ እደሩና በሌሊት ተነሱ። በፍቼ መኪና ከሄዳችሁ መገንጠያው ላይ ነው የሚያወርዳችሁ። ከዚያ ወደ ገዳሙ ቁልቁለት አለ፤ ለጉልበታቸው አይሆንም። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ደውላችሁ አጣሩ።

ሮም ያለሁት፦
አክስትህ እውነቷን ነው፣ እዚህ የለመደችው እሱን ነው። የቫቲካን ሙዚየም ትኬት ቀድመህ በኢንተርኔት ካልያዝክ ግንቡን ተደግፈህ ሰዓታት ትቆማለህ። በወሩ የመጨረሻ እሁድ መግቢያው ነፃ ነው። እኔም እንደ ብልጥ ያን ቀን ሄጄ ነበር። ሮም ያለ ሰው ሁሉ እንደኔ ብልጥ ኖሯል! የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሁልጊዜም በነፃ ነው፤ ግን ለፍተሻው ሰልፍ አለ፣ ማለዳ ካልሄድክ። ነፃ የሆነ ቦታ ሰው መብዛቱ የትም ያው ነው።

አስተማሪዋ፦
ሉሲን ለማየት አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም በጠዋት ግቡ። ተማሪ የጫነ አውቶቡስ ከቀደማችሁ አለቀ፤ ይህን የምለው ተማሪዎቹን ይዤ የምሄደው እኔ ስለሆንኩ ነው። ሉሲ ያለችው ምድር ቤት ነው። ብዙ ሰው ከላይ ጀምሮ ሲወርድ እናንተ ቀጥታ ወደ ታች ውረዱ። ለእናትህ ግን ደረጃ እንዳለ ንገራቸው። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር የተገኘችው፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ናት። ለእይታ የሚቀርበው ቅጂው ነው፣ አክስትህ "የታለች ዋናዋ?" እንዳትልህ።

የአንኮበር ልጅ፦
ሰልፍ ካስጠላችሁ አንኮበር ኑ። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ከነፋሱ በቀር የሚጋፋችሁ የለም። ዳገቱ ግን አለ።

ወለተ ማርያም፦
ይቅርታ፣ ግን በረከቱ እኮ ከሕዝቡ ጋር መቆሙ ነው። ሰልፍ ሽሽት ምን የሚሉት ነው?

ጠያቂ፦
እህቴ፣ ለኔማ ብሆን እቆማለሁ። የእናቴ ጉልበት ነው እንጂ።

ጠያቂ (በማግስቱ)፦
የደብረ ሊባኖስና የሉሲ ጉዳይ አልቋል፣ ተስማምተናል። ጻድቃኔን ግን ለእናቴ ሳነብላት ወለተ ማርያምን ደገፈች። "ለአስተርእዮ ማርያም ካልሆነማ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?" አለች። ጥር 21 ካልሆነ አልነሳም ብላለች። አሁንስ?

ተጉለቴው፦
እንግዲህ እናት ከወሰነች ወሰነች። ያኔ ቀኑን ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ያለውን አስፋው። ጥር 19 ግቡ፤ የሚያድሩበት ቦታ ሳይያዝ ይገኛል። ጸበሉን በ20 ማለዳ ይጠጡ። በ21 በዓሉን ብቻ ያክብሩ፣ ጸበል ጋ ድርሽ እንዳትሉ። ሰው ሁሉ ንግሡ እንዳበቃ ነው ወደ መኪና የሚሮጠው። እናንተ እደሩና በ22 ጠዋት ውጡ። ሾፌሩንም ለ22 ቅጠረው። ጥር ነውና ብርዱ አይጣል፤ ጋቢ በሰው ሁለት ሁለት ያዝ። ለእማማ ደግሞ አጭር በርጩማ አትርሳ፤ አምና እሱ ቢኖር ኖሮ መሬት ላይ አይቀመጡም ነበር።

ጠያቂ፦
በርጩማውን ሰምታ "እሱን ነው ማሰብ የነበረብህ" ብላኛለች። ሾፌር ነኝ፣ ለጥር 19 መሄጃና ለ22 መመለሻ ክፍት ነህ?

ሾፌር ነኝ፦
19 ሙሽራ አለብኝ። የ22ቱን ያዝኩልህ።