የሞተር ብስክሌት የጭስ ማውጫ ቱቦ ሳይጨማደድ እንዴት ይታጠፋል?

ጥያቄ፦ ባለ ቦክሰሩ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁም። የምነዳው ቦክሰር 150 ነው። ከሲሊንደሩ ራስ ወርዶ በሞተሩ ሥር የሚዞረው የጭስ ቱቦ ክርኑ ላይ በዝገት ተበልቷል። ደጋግሞ ተበይዶ ነበር፤ አሁን ግን ብየዳ የሚይዝ ጤነኛ ብረት አልቀረለትም። ማርሚታው (ከኋላ ያለው የድምፅ ማፈኛ) ራሱ ደህና ነው። ሙሉውን አዲስ ለመግዛት ኪሴ ስላልፈቀደ የፊተኛውን ቱቦ ራሴ ልሠራው አስቤያለሁ።

አንድ ብረታ ብረት ቤት ባለው የውኃ ቧንቧ ማጠፊያ 32 ሚሊ ሜትር የወንበር ቱቦ አሳጠፍኩ። የውስጠኛው ጎን ተጨማደደ፣ መሐሉም ተጨፍልቆ ወጣ። ቤት የተረፈ ጋልቫናይዝድ የውኃ ቧንቧ ደግሞ አለኝ፤ ወፍራም ስለሆነ ይሻል ይሆን? አንዳንዱ «አሸዋ ሞልተህ በእሳት እጠፈው» ይለኛል፣ ሌላው «ቆራርጠህ በይደው» ይላል። የቱ ያዋጣል? የቱቦው ስፋት ከፋብሪካው ትንሽ ቢለይስ ሞተሩን ይጎዳዋል?

መልስ፦ በያጁ (ኮምቦልቻ)

ከሁሉ በፊት ያንን ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከእሳት አርቀው። ላዩ የተለበጠው ዚንክ ነው። ዚንክ በ419 ዲግሪ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ የብየዳ እሳት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የሚወጣውን ነጭ ጭስ የሳበ ሰው በዚያው ሰዓት ምንም ላይሰማው ይችላል። ማታ ግን ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ወባ የያዘው መስሎት ሲመረመር የሚያድር በያጅ ሞልቷል። ወተት መጠጣት ያድናል የሚሉ አሉ፤ ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ ጭሱ የገባው ሳንባ ውስጥ ነው።

ደግሞም ቧንቧው ያለ ልክ ይከብድሃል። የአንድ ኢንች የውኃ ቧንቧ ግድግዳ 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለጭስ ቱቦ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ያልተለበጠ ጥቁር ቱቦ ፈልግ።

መልስ፦ ቶርኖ ቤት (ኮምቦልቻ)

ማሽኑ ለምን እንደጨፈለቀብህ ልንገርህ። የውኃ ቧንቧ ማጠፊያ ጎድጓዳ ቅርጾቹ የተሠሩት በቧንቧ ልክ ነው። የግማሽ ኢንች ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21.3፣ የሦስት ሩብ 26.9፣ የአንድ ኢንች 33.7 ሚሊ ሜትር ነው። የአንተ 32 የሆነ ቱቦ በ33.7 ቅርጽ ውስጥ ሲቀመጥ ጎኑን የሚደግፈው የለም። ማሽኑ መሐሉን ሲገፋ ቱቦው ወደ ጎን ይሰፋና ይተኛል። የማሽኑ ባለቤት ጥፋት አይደለም፤ ማሽኑ ለወፍራም ቧንቧ የተሠራ ነው።

ሒሳቡን ተመልከት። 32 ሚሊ ሜትር ቱቦን በመሐል መስመሩ 100 ሚሊ ሜትር ሬዲየስ ይዘህ 90 ዲግሪ ብታጥፈው የመሐሉ ርዝመት 157 ሚሊ ሜትር ነው። የውጪው ጀርባ ግን 182 መሆን አለበት፣ የውስጡ ደግሞ 132። በሌላ አነጋገር ጀርባው 25 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፣ ውስጡም 25 ይሰበሰባል። ቀጭን ብረት መሰብሰቢያ ሲያጣ ይጨማደዳል። ሬዲየሱ ከቱቦው ስፋት ሦስት እጥፍ ያነሰ እንዳይሆን የሚባለው ለዚህ ነው። ከዚያ ካጠበብከው አሸዋም አያድንህም።

ሌላው የቱቦው የብየዳ መስመር ነው። በጣትህ ብትዳስሰው ወይም ወደ ውስጥ ብታይ ታገኘዋለህ። ይህ መስመር በሚለጠጠው ጀርባ ወይም በሚሰበሰበው ሆድ ላይ ከዋለ ሊሰነጠቅ ይችላል። ወደ ጎን አዙረው፤ ጎኑ አይለጠጥም አይሰበሰብም።

መልስ፦ ባለ ወናፉ (ደሴ)

ልጄ፣ እኔ አሸዋውን ነው የምመክርህ። ቱቦ በአሸዋ ማጠፍ ዱሮም የነበረ ሥራ ነው፣ የሚበላሸውም በችኮላ ነው።

የወንዝ አሸዋ በቀጭን ወንፊት ንፋ፤ አፈርና ቅጠል ካለበት እጠበው። ከዚያ በላሜራ ላይ ዘርግተህ ከሰል ላይ እንደ ቡና ቁላው። በላዩ መስታወት ይዘህ ላብ እስካልታየ ድረስ አትተወው። እርጥብ አሸዋ ሞልቶ ሁለቱን ጫፍ ደፍኖ እሳት ውስጥ የከተተ ሰው ቦምብ ሠርቷል፤ ውኃው እንፋሎት ይሆንና ውታፉን እንደ ጥይት ይተኩሰዋል። ውታፉን ከደረቅ እንጨት ጥረብ፣ አንዱን ግን በቀጭን መሰርሰሪያ ብሳው፣ ትንፋሽ ይኑረው። እሳት ላይ ሳለም ከጫፎቹ ትይዩ ሰው አይቁም።

አሸዋውን ስትሞላ ቱቦውን አቁመህ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀጥቅጥ። ይጎድላል፣ ጨምር፣ ቀጥቅጥ። ድምፁ ከሚያቃጭል ወደ ድፍን ሲለወጥ ሞልቷል ማለት ነው። ከምትፈልገው ርዝመት በላይ በሁለቱም ወገን ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ፤ እጅ የምታገኘው በዚያ ነው፣ በኋላ ትቆርጠዋለህ።

የምታሞቀው የሚታጠፈውን ክፍል ብቻ ነው፣ እያሽከረከርክ ዙሪያውን እኩል። ቀለሙ እንደ በሰለ ቲማቲም ሲቀላ ጊዜው ደርሷል። ወደ ብጫ ካለፈ ግለቱ በዝቷል፤ ወደ ነጭ ከደረሰ ብረቱ ይቃጠላል። ፀሐይ ላይ ቀለም አይለይም፣ ጥላ ውስጥ ሥራ። ከዚያ በማጠፊያው ክብ ቅርጽ ላይ ሳታቋርጥ፣ ሳትነቀንቅም፣ ቀስ ብለህ ሳበው። ሽብሽብ ሲጀምር ካየህ አቁም፤ እንደገና አግለውና በመዶሻ ደልድለህ ቀጥል። ውኃ አታፍስበት፣ በራሱ ይቀዝቅዝ።

ጥያቄ፦ ባለ ቦክሰሩ

እናመሰግናለን ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ግን ኦክስጅን መበየጃ የለኝም፤ በከሰል ብቻ ይቀላልኝ ይሆን? ደግሞ መታጠፊያው ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ኋላና ወደ ጎን። ማዕዘኑን በምን ልያዝ?

መልስ፦ ባለ ወናፉ

ከሰል በወናፍ ወይም በማራገቢያ ከተነፋ ብረት ያቀልጣል እንኳ፣ ለማቅላትማ ምን ገዶት። የሚያስቸግረው እሳቱ እንዳይሰፋ ነው። ከሰሉን በጡብ አጥረህ ጠባብ አድርገው።

ለማዕዘኑ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ ውሰድ። ሞተሩ ላይ ከሲሊንደሩ ቀዳዳ መሐል እስከ ማርሚታው አፍ ድረስ በእጅህ እያጠፍክ መስመሩን አስይዘው። ሰው ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሞላው ሲወርድ ከመሬት ስንት እንደሚቀር፣ የፍሬን ፔዳል ሲረገጥ እንደማይነካው፣ እግርና የሞተር ዘይት መክፈቻ ቡሎን እንደማይከለከሉ እይ። ከዚያ ቱቦውን በፌሮው ልክ ማጠፍ ነው። ሁለተኛውን መታጠፊያ ስትሠራ የመጀመሪያው አሸዋ እንደታጨቀ ይቆይ።

መልስ፦ የሰኞ ገበያው (ደሴ)

እኔ አልስማማም። ለአንድ ቱቦ ይህን ሁሉ ከሰል ማንደድ ምን አመጣው? የታጠፈ ብረት ፈልጎ መቁረጥ ነው። የወደቀ ሞተር ብስክሌት የእግር መከላከያ ብረት፣ የተሰበረ የቱቦ ወንበር እግር፣ ሁሉም በፋብሪካ በትክክል የታጠፉ ናቸው። ከአሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ አይጠፋም። ስፋቱን በካሊብሮ ለክተህ የሚስማማውን ክርን ቆርጠህ ከቀጥታ ቱቦ ጋር ትበይዳለህ። በግማሽ ቀን ያልቃል።

ክርን ካልተገኘም ቱቦውን በሽብልቅ ቁረጥ፣ ማለትም ጫፎቻቸው ሰያፍ በሆኑ አጫጭር ቁራጮች። ለ90 ዲግሪ 4 ሽብልቅ ይበቃል። የእያንዳንዱ ሁለት ፊት በ9 ዲግሪ ይቆረጣል፣ ስለዚህ አንዱ 18 ዲግሪ ያዞራል። የሁለቱ ቀጥታ ቱቦዎች ጫፍም በ9 በ9 ይቆረጣል። 72 እና 18፣ ድምሩ 90።

መልስ፦ በያጁ

የሰኞ ገበያው ያለው እውነት አለው፣ ግን የእግር መከላከያው ክሮም ከሆነ ልባሱን መበየጃው አካባቢ ሙልጭ አድርጎ በግራይንደር ማንሳት ግድ ነው፤ ያም በጭንብል። የክሮምና የኒኬል ጭስ ከዚንኩ የባሰ ነው።

ሽብልቁ ደግሞ ለጥሩ እጅ ነው። አምስት ዙር ብየዳ ማለት የሚያፈስ ነገር አምስት ቦታ መፈለግ ማለት ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር ብረት በ2.5 ኤሌክትሮድ ይበሳል። 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይዘህ ከ40 እስከ 55 አምፔር አካባቢ፣ ነጥብ ነጥብ እያደረግህ፣ አንዱን ወገን ትንሽ ከሠራህ ወደ ተቃራኒው እየተሻገርህ። ወደ ውስጥ የተንጠባጠበውን በሊማ አንሣ፣ ጭሱን ያደናቅፋል።

መልስ፦ የሞተር ጠጋኝ (ኮምቦልቻ)

ስፋቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያታልላል። የትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች የፊት ቱቦ ብዙ ጊዜ ድርብ ነው፤ ከላይ የሚታየው የሚያብረቀርቀው ሽፋን ሲሆን ጭሱ የሚያልፈው ከውስጡ ባለው ቀጭን ቱቦ ነው። ውጪውን ለክተህ በዚያ ልክ ከሠራህ ከነበረው በጣም ሰፊ ይሆናል። አሮጌውን ደህና ቦታ ላይ በሴጌቶ ቁረጥና የውስጡን ቀዳዳ ለካ። ከዚያ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ግድ የለም። ከጠበበ ግን ጭሱ ይታፈናል፣ የጭስ ቫልቩም ይግላል። ያለ ልክ ከሰፋ በዝቅተኛ ዙር ጉልበት ታጣለህ፣ ዳገት ላይ ይሰማሃል። ይህን የምልህ ለአራት ምት ሞተር ነው፤ በሁለት ምት ላይ የቱቦው ርዝመትና ቅርጽ ሁሉ በስሌት ስለሆነ እንዲህ አይነካካም።

ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩም ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያልተስተካከለ ካርቡሬተር እዚያ ነዳጅ ይበዛበታል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁም ይሳሳል። ቱቦውን ከቀየርክ በኋላ ካንዴላውን (እሳት የሚጭረውን) ሁለቱም ከተማ ላይ ፈትተህ እየው። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተወው፣ ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ሞተሩ እየነደደ ነውና ሳትውል ሳታድር አስተካክል።

ሐረጎን ጋዝ ለቀህ ስትወርድ የሚንጣጣ ከሆነ ግን ካርቡሬተሩን ከመነካካትህ በፊት ፍላንጃውን (ቱቦው ከሲሊንደሩ ራስ ጋር የሚታሰርበትን ብረት) ፈትሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አየር እየገባ ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ቦክሰሩ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አሮጌውን ቆርጬ አየሁት፣ እንደተባለው ድርብ ነው፣ የውስጡ ከጠበቅሁት በጣም ቀጭን ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ጥቁር ቱቦ አግኝቻለሁ፣ ጠበብ ስላለም ሬዲየሱ ይበቃኛል። በአሸዋ ላጥፈው ወስኛለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፦ ፍላንጃውን ሞተሩ ላይ እንዳለ ልበይድ ወይስ አውጥቼ? አሮጌውን ጓርኒሲዮንስ (በመሐል የሚገባውን ማሸጊያ) ልመልሰው እችላለሁ?

መልስ፦ የሞተር ጠጋኝ

ፍላንጃውንና ማርሚታውን በቦታቸው ላላ አድርገህ እሰር፣ ቱቦውን መሐላቸው አስገባና በነጥብ ብቻ አስይዝ። ሙሉውን ብየዳ አውጥተህ መሬት ላይ ጨርስ፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ይስበውና ቀዳዳዎቹ አይገጥሙልህም። ለነጥቧም ቢሆን የባትሪውን ሽቦ ንቀል፣ የነዳጅ ጋኑን አውርድና አርቅ፣ መሬት የሚይዘውን የመበየጃ ገመድ ደግሞ ከሞተሩ አካል ሳይሆን ከቱቦው ጋር አስይዘው።

ከመግጠምህ በፊት አሸዋውን አራግፍ። ቀጭን ሰንሰለት አስገብተህ ወዲያ ወዲህ ነቅንቀው፣ ከእሳቱ የተረፈው ቅርፊትም አብሮ ይወጣል፤ ከዚያ በጎሚስታ ቤት ኮምፕረሰር ንፋው። ጓርኒሲዮኑን ቀይር፤ አንዴ የተጨፈለቀ ሁለተኛ አይዘጋም። ሁለቱን ዳዶ በየተራ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅህ ሂድ፣ አንዱን ብቻ ከጨረስክ ፍላንጃው ይጋደላል። ሞተሩ አንዴ ግሎ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ እንደገና አጥብቃቸው።