የቸርኬ ጭረት፦ ይሞረድ ወይስ ይተው?

ባለ ቪትዝ፦
ሰላም ቤተሰብ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጎማ ሳስቀይር ጎሚስታው የአሉሚኒየም ቸርኬዬን ጠርዙ ላይ በብረት ጭሮልኝ ቁጭ። ጥልቀቷ ቢበዛ 1 ሚሊሜትር ናት፣ ግን ሥሯ እንደ ምላጭ ሹል ነው። አንዱ «ሞርዳት» ይለኛል፣ ሌላው «ጭራሽ ልታሳሳው ነው፣ ተዋት» ይላል። የቱን ልስማ?

አምስት ኪሎ ሜካኒካል፦
ሞርዳት። ስትረሱ፣ ማለትም ብረቱ ውስጥ ያለው ጫና፣ የሚሰበሰበው ጭረቷ ሥር ላይ ነው፣ እዛ ላይ ደግሞ ከጥልቀቷ እኩል የሥሯ ክብነት (ሬዲየሷ) ይወስናል። ለግምት ያህል ጥልቀቱን ለሬዲየሱ አካፍለህ ስኩዌር ሩት አውጣ፣ በ2 አባዛ፣ 1 ደምር። 1 ሚሊሜትር ጥልቀት ከ0.05 ሚሊሜትር ሬዲየስ ጋር ጫናው ወደ 10 እጥፍ ይመጣል። እስከ 1.2 ሚሊሜትር ጥልቀት ሞርደህ በ5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ብታለሰልሳት 2 እጥፍ ገደማ ትሆናለች። በቃ፣ የምትቀንሳት ብረት አታሳስብህ።

ቀላጩ፦
ሂሳቡ ልክ ነው፣ ግን 10 እጥፍ ሲባል እንዳትደነግጥ፣ በፋቲግ (ብረት በተደጋጋሚ ጭነት ሲደክም) በኩል ሹል ጭረት የሚያደርሰው ጉዳት ወረቀት ላይ ካለው ያንሳል። በተለይ ካስት (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ) አሉሚኒየም ላይ። ቸርኬ በብዛት የሚሠራበት ኤ356 የሚባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ 7 በመቶ ገደማ ሲሊከን አለው፣ ሲረጋ እየተኮማተረና ሃይድሮጅን እየለቀቀ ውስጡ ቀዳዳ ያስቀራል፣ የኦክሳይድ ስስ ሽፋንም ታጥፎ ይገባበታል። እነዚህ አብረውት የተወለዱ ጭረቶች ናቸው! ቆዳው አጠገብ ትልቅ ቀዳዳ ካለ ስንጥቁ ያንተን ጭረት ትቶ ከዛ ሊነሳ ይችላል። ከሹል ጭረት የሚነሳ አጭር ስንጥቅም መጀመሪያ ፈጠን ብሎ፣ ከጭረቱ እየራቀ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ጭነቱ ትንሽ ከሆነ እዛው ይቆማል። ኮሪደር ያልደረሰበት ሰፈር ከሆነ የምትነዳው ግን ጭነቱ ትንሽ ነው አልልህም።

ባለ ቪትዝ፦
ጭረቷን በአርጎን ብየዳ ቢሞሉልኝስ?

አምስት ኪሎ ሜካኒካል፦
አታስነካው! ቸርኬው በሙቀት የጠነከረ ከሆነ ብየዳው ዙሪያውን ያለሰልስብሃል፣ አዲስ ቀዳዳም ይጨምርልሃል። ሞርደህ ስትጨርስ በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙን ተከትለህ እሸው፣ አቋርጠህ ካሸኸው ሌላ ጥቃቅን ጭረት ትተክላለህ።

ቀላጩ፦
ከዛ ስንጥቅ ካለ እንዲታይህ ሰርጎ የሚገባ ቀይ ቀለም ቀብተህ ጥረገው፣ ቀዩን አውጥቶ የሚያሳየውን ነጩን እርጭበት። ነጩ ላይ ቀይ መስመር ከወጣ ቸርኬውን አትግጠመው። እኔ የነገርኩህ ለጠርዝ ነው እሺ? ጭረቷ ክንዱ ከመሃል የሚነሳበት ቦታ ላይ ብትሆን ሞረድም አላስነሳህ፣ ቀይረው ነበር የምልህ።